ካሜራዬ የማያውቀው ወር

መጀመሪያ ማን እንደሆንኩ ልንገራችሁ። ያገለገለ የቤት ዕቃ ነጋዴ ነኝ፣ ወሰን የሚባል ሰፈር ሱቅ አለኝ፣ ሥራዬ ደግሞ ሰው የሚነግረኝን አለማመን ነው። "ይሄ ፍሪጅ አንድ ቀን እንኳ ተበላሽቶ አያውቅም" ሲሉኝ አላምንም፣ "ሶፋው ላይ እንግዳ እንጂ ቤተሰብ አልተቀመጠበትም" ሲሉኝም አላምንም፣ ስለዚህ ስለ መንፈስ፣ ስለ ጥላ፣ ስለ ጋኔን ሲወራ እኔ የምሰማው ፍሪጁን እንደምሰማው ነበር፤ ጎኑን መታ መታ አድርጌ፣ ጀርባውን ገልብጬ አይቼ፣ በሆዴ ስቄ እመልሰዋለሁ። የሞተ ሰው አልጋ ገዝቼ ሸጫለሁ። ሰው ታንቆበታል የተባለ ቁም ሳጥን ሱቄ ውስጥ ክረምቱን ሙሉ አሳድሬ አንድም ቀን በሩ ሲንቋቋ አልሰማሁም፣ ማጠፊያውን ዘይት ቀብቼው ስለነበር። እንግዲህ ይሄን የምጽፍላችሁ ያ ሰው ነኝ፣ ዛሬም ያው ነኝ ብዬ አስባለሁ፣ ከጳጉሜ በስተቀር።

ካሜራው እጄ የገባው በሥራዬ ነው። ሲ.ኤም.ሲ አንድ ቤተሰብ ቤት ሲለቅ ዕቃውን ጠቅልሎ ሸጠልኝ፣ ሱቅ አምጥቼ ኮመዲኖውን ስወለውል መሳቢያው ውስጥ ትንሽ ብርማ ዲጂታል ካሜራ አገኘሁ፣ ደውዬ ብነግራቸው ሳቁብኝ፣ ስልክ እያለ ይሄን ማን ይይዘዋል፣ ለልጆችህ መጫወቻ አድርገው አሉኝ። ልጆቼ እንኳ አልፈለጉትም። በሁለት ትንንሽ የባትሪ ድንጋይ የሚሠራ፣ ስክሪኑ የክብሪት ሳጥን የሚያህል፣ ሩቁን ማቅረቢያው የተሰበረ፣ ከርካሽም ርካሽ ነው። እኔ ግን ወደድኩት። ለምን እንደሆነ አትጠይቁኝ፣ ቀኑን ሙሉ ዕቃ እያየ ዋጋ ሲገምት የሚውል ሰው፣ ዋጋ የማይወጣለትን ነገር ዝም ብሎ ማየት ያምረዋል መሰለኝ።

አንድ ትልቅ ችግር ነበረበት፣ ቁልፉን ስጫነው ያስባል። ወዲያው አያነሣም፣ እንደ ቀበሌ ጸሐፊ ቆይ ቆይ ይላል፣ ሲያነሣ ሰውየው ሄዷል። ባለቤቴን አልማዝን ያነሣኋት ሁሉ ኩሽና የሚገባ ጀርባ ነው። ስለዚህ የማይንቀሳቀስ ነገር ማንሣት ጀመርኩ፤ የተዘጋ የግቢ በር፣ ጋራዥ ደጃፍ ዓመት የቆመ መኪና፣ ዝናብ ያቆረው ውኃ፣ ከሁሉም በላይ ድንጋይ። እሑድ እሑድ ከሰፈሬ ከፈረንሳይ ለጋሲዮን ተነሥቼ ወደ እንጦጦ እወጣለሁ፣ ባሕር ዛፉ መሀል ድንጋይ ሳነሣ እውላለሁ። ሰፈሩ መሳቂያ አደረገኝ። በላቸው ድንጋዮቹን ፈገግ በሉ ይላቸዋል ተባልኩ፣ ባለቤቴም ለሰርግ ብትጠራ የምታነሣው ሦስት ጉልቻውን ነው አለችኝ።

አሁን የምነግራችሁን ልብ በሉልኝ። ካሜራው ፎቶው ጥግ ላይ ቀን በብርቱካንማ ቀለም ያትማል፣ መጀመሪያ ሳበራውም ቀን፣ ወርና ዓመት ጠየቀኝ። በምን ቆጥሬ ልንገረው? እኔ በማውቀው ነገርኩት፤ መስከረምን አንደኛ ወር፣ ነሐሴን አሥራ ሁለተኛ ብዬ፣ ዓመቱንም የእኛኑ። በኋላ ነው ጣጣው የመጣው፣ የተሠራው ለፈረንጅ ወር ነዋ፣ አንዳንዱ ወር ላይ ሠላሳ አንድ የሚባል ቀን ይመርቅልኛል፣ ጥቅምት ሲያልቅ ደግሞ ቀን ይሰርቀኛል፣ እኔም በየወሩ እያረምኩት እኖራለሁ። ጳጉሜ ላይ ግን ተሸነፍኩ። ወሩን የሚቀይረውን ቁልፍ ስጫን ስጫን አሥራ ሁለት ይደርስና ወደ አንድ ይመለሳል፣ አሥራ ሦስት የሚባል አያውቅም። ስለዚህ አገር ምድሩ ጳጉሜን ሲቆጥር የእኔ ካሜራ ቀድሞ ብቻውን መስከረም ይገባል፣ ዘመን ለውጦ ይጠብቀናል። ለመስከረም አንድ አርመዋለሁ ብዬ ተውኩት።

እንግዲህ ወደ እትዬ አስካለ ልምጣ። እትዬ አስካለ ጎረቤቴ ናቸው፣ ዳገቱ ላይ ከእኔ በር ጥቂት አለፍ ብሎ ነው ግቢያቸው፣ ዕድሜያቸውን በልብስ ስፌት ሁለት ልጅ ያሳደጉ ሴት። ትንሹ ልጃቸው ብሩክ ከዓመታት በፊት በጳጉሜ ሩፋኤል ዕለት ወጥቶ ቀረ። የሩፋኤል ዝናብ ጸበል ነው ይባላል፣ ሰማይ የሚከፈትበት ቀን ነው ይላሉ፣ እኔ ሲከፈት ያየሁት የጣሪያዬን ቆርቆሮ ብቻ ቢሆንም የሰፈራችን ልጆች ያን ቀን ከፈረንሳይ በላይ ወዳለው ጅረት ወጥተው በዝናቡ መታጠብ ልማዳቸው ነበር። እዚያ አንድ ጠፍጣፋ ድንጋይ አለ፣ ልብሳቸውን የሚያኖሩት እሱ ላይ ነው። ብሩክ ከአንድ ጓደኛው ጋር ወጣ፣ ታጠቡ፣ ዝናቡ ሲበረታ ጓደኛው ልብሱን በብብቱ ይዞ ሮጠ፣ ና እንጂ ብሎ ሲጣራ ብሩክ ከወደ ድንጋዩ መለሰለት፦

"ሂድ፣ ልብሴን ልልበስና እደርስብሃለሁ።"

አልደረሰበትም። ጅረቱን እስከ ታች ፈለግን፣ ጫካውን ፈለግን፣ ፖሊስም ፈለገ፣ እኔ ራሴ ማታ ማታ በባትሪ ወጥቻለሁ። ጎርፍ ወሰደው ያለ አለ፣ ጅብ ነው ያለ አለ። እሱም አልተገኘ፣ ልብሱም አልተገኘ። እትዬ አስካለ እንግዲህ የያዙት ይቺን የልብሱን ነገር ነው። የእድሩ ሽማግሌዎች ለቅሶ እንቀመጥ ሊሉ ሲመጡ የሚመልሱላቸው አንድ ነበር፦

"ጎርፍ ቢወስደው ራቁቱን በወሰደው፣ ልብሱ ድንጋዩ ላይ በቀረ። ልብሱ ከሌለ ለብሷል። ከለበሰ ሄዷል። የሄደ ሰው ደግሞ ይመጣል።"

እስቲ መልሱላቸው። 

ትልቋ ልጃቸው ሜሮን ግን መልስ ሳይሆን ዕረፍት ነበር የምትፈልገው። ሲ.ኤም.ሲ ተከራይታ ትኖራለች፣ ቢሮ ነው የምትሠራው፣ ጴንጤ ነች፣ ጸበል የሚባል ነገር አትሰማም፣ እናቷን ግን እንደ ዓይኗ ነው የምታያቸው። እናቷ በየጳጉሜው ፎጣ ይዘው በር ላይ በዝናብ ተቀምጠው ያመሹ ነበር፣ ልጄ ርሶ ነው የሚመጣው ይላሉ፣ በየዓመቱ መስከረምን በሳንባ ምች ይቀበሉት ነበር። ሜሮን ከታጨች ቆይታ ነበር፣ ወንድምሽ ሳይኖር ሰርግ የለም ተብላ ቀለበቷን እንዳሰረች ቀርታ ነበር። አንድ ክረምት ሱቄ መጥታ ከማይሸጡት ወንበሮቼ አንዱ ላይ ተቀምጣ አለቀሰችብኝ፣ እናቴ እየጠበቀች ልትሞትብኝ ነው፣ እርሟን ታውጣ፣ አንዴ ታልቅስና ይውጣላት አለችኝ። ሐኪሙም ሌላ ክረምት በር ላይ አይቀመጡም ብሏል። እሷ፣ የእድሩ ሰዎችና እኔ ተባብረን ለመንን፣ ለመንን፣ በመጨረሻ እትዬ አስካለ እሺ አሉ፤ እንቁጣጣሽ ካለፈ በኋላ ድንኳን ይተከላል፣ ለቅሶ ይቀመጣሉ፣ በር ላይ መጠበቅ ያበቃል። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ።

"በላቸው፣ ልጄ መቃብር የለው፣ ፊቴን የማዞርበት አጣሁ። እኔን እግሬ አያወጣኝም። ሩፋኤል ዕለት ውጣና ድንጋዩን አንሣልኝ። ባዶውን ልየውና እርሜን ላውጣ።"

ይሄን ሁሉ ዓመት ድንጋይ ሳነሣ ኖሬ መጀመሪያ የታዘዝኩት ድንጋይ ይሄ ነው። እሺ አልኩ፣ ምን ይከብዳል።

ሩፋኤል ዕለት ከሰዓት ሱቄን ዘጋሁ። ጠዋት ዘንቦ ቆም ብሎ ነበር፣ መንገዱ ላይ ሕፃናቱ ዝናቡ እንዲመለስ ራቁታቸውን ቆመው ሰማይ ያያሉ። ጃንጥላና ካሜራ ይዤ ወጣሁ። ከጭፍጨፋ የተረፈው ባሕር ዛፍ ውስጥ ስገባ ጉም ወርዶ ጠበቀኝ፣ የከተማው ጩኸት አንድ ሰው በር እንደዘጋበት ተቋረጠ፣ የሚሰማው ጅረቱ ብቻ ነው። ሰው የለም። ብሩክ ከቀረ ወዲህ የሰፈሩ ልጆች እዚያ አይታጠቡም።

ድንጋዩን አገኘሁት። አንድ ነገር በደንብ አስታውሳለሁ፣ ይሄን ስነግራችሁ በልጆቼ ነው፣ መጀመሪያ ያደረግሁት ካሜራዬን ለማሳረፍ በመዳፌ ድንጋዩን መጥረግ ነው፣ ከዳር እስከ ዳር እርጥብ ነበር፣ ቅጠል እንኳ አልነበረበትም። እርጥቡ ላይ ማኖሩ ቅር አለኝና ካሜራውን በእጄ ይዤ ወደኋላ ፈቀቅ አልኩ፣ አነጣጠርኩ፣ ቁልፉን ተጫንኩ፣ አሰበ፣ አሰበ፣ አነሣ። ስክሪኑን አየሁ።

ድንጋዩ ላይ ልብስ አለ።

ሱሪ አራት ተደርጎ ታጥፎ ከሥር፣ ሸሚዝ እጅጌው ወደ ኋላ ታጥፎ ከላይ፣ ጫማ ሸሚዙ ላይ፣ ካልሲው ጫማው ውስጥ። አስተጣጠፉ የሱቅ ልብስ ነው የሚመስለው። ቀና ብዬ ድንጋዩን አየሁት፣ ባዶ ነው። ስክሪኑን አየሁ፣ ልብስ አለ። የሌላ ቀን ፎቶ ይሆናል አልኩ፣ ግን ወዳጆቼ፣ እኔ ልብስ አንሥቼ አላውቅም። ደግሞም ሸሚዙን አወቅሁት፣ አረንጓዴ ዳማ ያለበት ነው፣ ደረቱ ላይ ያለው ኪስ ከሌላ ጨርቅ የተለጠፈ፣ ያን ኪስ እናቱ ሲለጥፉት ማሽናቸው አጠገብ ተቀምጬ ሳወራ ነበር።

መሮጥ ነበረብኝ ትላላችሁ። እኔም አሁን እንደዚያ እላለሁ። ግን ያን ጊዜ ያሰብኩት አንድ ነገር ነው፣ የታዘዝኩት ባዶ ድንጋይ ነው፣ ይሄን ፎቶ ይዤ እዚያች እናት ፊት እንዴት እቀርባለሁ? ካሜራው ተበላሽቷል፣ ደግሜ ላንሣ አልኩ። ላነሣ ስል ዝናቡ ጀመረ፣ ቀስ ብሎ፣ ያ ረጃጅም የጳጉሜ ዝናብ። ተጫንኩ። ካሜራው ሲያስብ ከፊት ለፊቴ አንድ ድምፅ ሰማሁ፣ አልማዝ ልብስ ስታሰጣ ጨርቁን እንደምታራግፈው ዓይነት፣ ቡፍ ብሎ ዝም አለ። ፎቶው ላይ ጫማው ከሸሚዙ ወርዶ ጎን ላይ ቆሟል። ሸሚዙ የለም። ሱሪው እንደታጠፈ ነው፣ ዙሪያው ዝናብ ሲፈነጥቅ ይታያል፣ ሱሪው ግን ደረቅ ነው።

ያኔ ነው ጥግ ላይ ያለውን ቀን ያየሁት። ሦስት ይላል፣ አጠገቡ አሥራ ሦስት። ሦስተኛ ቀን፣ አሥራ ሦስተኛ ወር። ወደ ማስተካከያው ገባሁ፣ እዚያ ሲታይ እንደ ልማዱ አንደኛ ወር ነው የሚለው፣ ወደላይ ብጫን አሥራ ሁለት ይደርስና ይመለሳል። ከየት አመጣው? ማን ነገረው?

እንደገና አነሣሁ። አሁን የሰማሁት የቀበቶ ዘለበት ነው፣ ቅጭል አለ፣ ፎቶው ላይ የቀረው ጫማው ብቻ ነው። ለምን እንዳላቆምኩ ብትጠይቁኝ፣ ባዶው እየቀረበ ስለነበር ነው። ገበያ ላይ የምናውቀው ነገር አለ፣ ሰውየው ትንሽ ሲቀረው አትለቀውም። አንድ ልጨምር፣ ባዶ ይሆንልኛል፣ ይዤው እወርዳለሁ። ተጫንኩ። ጭቃ ላይ እግር ጫማ ውስጥ ሲገባ የሚረገጠው ረገጥ፣ ረገጥ፣ ካሜራው አነሣ፣ አየሁት፣ ድንጋዩ ባዶ ነው። ጥግ ላይ ያለውም ቀን ወደ ልማዱ ተመልሶ አንደኛ ወር ብሏል።

ደስ ያለኝ ለአንድ ትንፋሽ ያህል ነው። ወዲያው ምን እንዳነሣሁ ገባኝ። አንድ ሰው ልብሱን ሲለብስ ነው ያነሣሁት፣ ሳነሣም ጊዜ እየሰጠሁት።

ቁልቁለቱን እንዴት እንደወረድኩ አልነግራችሁም፣ ጃንጥላዬ እዚያው ቀርቷል። ሲመሽ ሰፈር ደረስኩ፣ ከኋላዬ ግን ከጫካው ጀምሮ ያልተለየኝ ድምፅ ነበር፤ ያልደረቀ እግር ጫማ ውስጥ ገብቶ ሲራመድ፣ ጭቅ፣ ጭቅ። ስቆም ይቆማል። ስፈጥን አይሮጥም፣ ግን አይርቅም። ዞሬ አላየሁም፣ እመኑኝ፣ በዚያ ሰዓት አንገቴ የእኔ አልነበረም።

የእትዬ አስካለ በር ከእኔ በር ይቀድማል። በሩ ገርበብ ብሏል፣ መብራቱ ይታያል፣ እመለሳለሁ ስላልኳቸው እኔን እየጠበቁ ነው። መግባት ነበረብኝ። ግን ገብቼ ምን ብዬ ነው ካሜራውን የማሳያቸው፣ ከኋላዬ ያለውንስ ምን ልበላቸው? አጎንብሼ በግድግዳው ጥግ አለፍኩ። ያ ጭቅታ በሩ ላይ ሲደርስ ዘገየ፣ ቆመ እንዴ አልኩ፣ እኔ ወደፊት ስራመድ ተከተለኝ። ቤቴ ገብቼ የግቢውን በር ቀረቀርኩት፣ በረንዳው ላይ ውኃዬን ሳራግፍ አልማዝ ከውስጥ ሆና ተናገረችኝ፣ እንደ ማንኛውም ቀን፣ ረጋ ብላ።

"እንግዳውን በዝናብ አቁመኸው ትገባለህ እንዴ?"

"የምን እንግዳ?"

"አብሮህ የመጣው። ሁለት ሆናችሁ ስትመጡ ሰምቻለሁ።"

ማንም የለም አልኳት። እሷም ወጥታ በበሩ ክፍተት አጮልቃ አየች፣ ማንም የለም፣ ተሳስቼ ይሆናል አለችና እራት አቀረበች። እኔ አልበላሁም።

በማግስቱ ፎቶ ለማሳጠብ መገናኛ ወረድኩ፣ ባዶዋን ብቻ አሳጥቤ ነገሩን ልጨርስ። ፎቶ ቤቱ ውስጥ ያለው ልጅ ካርዱን ኮምፒውተሩ ላይ ሰክቶ አንድ በአንድ ሲያሳልፍ ከጀርባው ሆኜ አየሁ። በሌላ ሰው ዓይን ባዶ ድንጋይ ቢሆንልኝ፣ አበድኩ ብዬ ዕረፍት ባገኘሁ። ልጁ መጀመሪያዋ ላይ ቆመ፣ የምሠራውን ሥራ ያውቃል፣ ፈገግ አለ።

"ጋሼ፣ ይሄ ልብስ የሚሸጥ ነው? ጫማው ለእኔ ይሆናል።"

የሚሸጥ አይደለም አልኩት። ሌላ ምን ልበል?

ባዶዋን በትልቁ አሳጥቤ ለእትዬ አስካለ ወሰድኩ። ሜሮንም ነበረች፣ የድንኳኑን ነገር ልትነጋገር መጥታ፣ በዓይኗ አመሰገነችኝ። እትዬ አስካለ መነጽራቸውን አድርገው ፎቶውን ወደ መስኮቱ ብርሃን ይዘውት ሄዱ፣ ጨርቅ እንደሚመረምሩ በጣታቸው ዳሰስ ዳሰስ አደረጉት።  ያለቅሳሉ ብዬ ስጠብቅ ቀና ብለው አዩኝ።

"ስታነሣው ይዘንብ ነበር?"

"አዎ እትዬ፣ ይዘንብ ነበር።"

"ታዲያ እዚህ ጋ ለምን ደረቀ?"

ጎንበስ ብዬ አየሁት። በዚያች ክብሪት ሳጥን በምታህል ስክሪን አላየሁትም ነበር፣ በትልቁ ሲታጠብ ግን ግልጽ ብሏል። ድንጋዩ ሁሉ ከዝናቡ ጠቁሯል፣ መሀሉ ላይ ግን ታጥፎ የተቀመጠ ሱሪ የሚያህል አራት ማዕዘን ነጣ ብሎ ደርቋል፣ ጎኑ ላይም ሁለት ትንንሽ ደረቅ ቦታ፣ የጫማ ሶል የሚያካክሉ።  በመዳፌ የጠረግሁት ድንጋይ ነው፣ ሁለመናው እርጥብ ነበር፣ ግን ይሄን ብል ሌላውን መናገሬ ነው።

እትዬ አስካለ አላለቀሱም። ፎቶውን ጠረጴዛ ላይ በቀስታ አኖሩት፣ መነጽራቸውን አወለቁ፣ ለልጃቸው ረጋ ባለ ድምፅ ድንኳኑ ይቅር አሉ። "አሁን ገና ነው የለበሰው" አሉ። ሜሮን እማዬ፣ እማዬ እያለች እግራቸው ሥር ተቀመጠች፣ እሳቸው ፀጉሯን እየደባበሱ ወደ እኔ ዞሩ።

"ትናንት ማታ በደጄ ስታልፍ ሰምቼሃለሁ፣ በላቸው። አብሮህ የነበረው ማን ነው?"

"መንገደኛ ነው እትዬ" አልኩ። "ጫካ ውስጥ ያገኘሁት መንገደኛ።"

ሜሮን እስከ በር ሸኘችኝ፣ መሸኘት ከተባለ። ዓይኗ ደም መስሏል። "ጋሽ በላቸው" አለችኝ፣ "አንድ ባዶ ድንጋይ አንሥቶ መምጣት ይሄን ያህል ይከብዳል?" እውነቷን ነው። ያን ጳጉሜ ድንኳን አልተተከለም፣ እስከ ዛሬም አልተተከለም። ሰርጉም አልሆነም፣ እጮኛዋ መጠበቅ ሰልችቶት ሌላ አገባ ይባላል፣ እኔ አልጠየቅኋትም፣ ስታገኘኝ መንገድ ትቀይራለች። እትዬ አስካለ ግን ከዚያ ወዲህ በር ላይ ተቀምጠው አይጠብቁም። ለብሷል፣ መንገዱን ያውቃል ይላሉ። ቤታቸው ይተኛሉ፣ የግቢያቸውን በር ግን ጳጉሜ ከገባ እስኪወጣ አይቀረቅሩትም፣ ፎጣዋም በሩ ላይ ተሰቅላ ታድራለች።

እኔስ? እኔ የማውቀውን ለማንም አልነገርኩም፣ ለአልማዝ እንኳ። ካሜራው መሳቢያ ውስጥ ነው፣ የባትሪ ድንጋዮቹን አውጥቼ ለብቻ አስቀምጫቸዋለሁ፣ ካርዱንም አልደመሰስኩትም፣ ልደምስሰው ባስብ መጀመሪያ ካሜራውን ማብራት አለብኝ። ድንጋይ ማንሣቱም ቀርቷል። ሱቄን እሠራለሁ፣ ሰው ሲዋሸኝ እስቃለሁ፣ ዓመቱን ሙሉ ያው በላቸው ነኝ።

ጳጉሜ ሲገባ ግን፣ በተለይ ዝናብ ከሆነ፣ ያ ጭቅታ ይመጣል። ከዳገቱ በኩል ይመጣል፣ የእትዬ አስካለን በር ያልፋል፣ ክፍት መሆኑን እኔ አውቃለሁ፣ እሱ አያውቅም መሰለኝ፣ ወይም ያንን ቀን እኔን ተከትሎ የመጣባትን መንገድ ብቻ ነው የሚያውቀው፣ የእኔ በር ጋ ሲደርስ ይቆማል። አያንኳኳም። ጨዋ ልጅ ነበር፣ ሰው ቤት ሳይጠሩት የማይገባ። ወጥቼ ክንዱን ይዤ ዳገቱን ጥቂት መልሼ ባወጣው፣ እናቱ በር ባደርሰው፣ ሥራው እኮ ያቺ ብቻ ነች፣ ቅርብ ነው፣ ከበሬ ሆኜ በራቸው ይታየኛል። በየዓመቱ ዘንድሮ እወጣለሁ እላለሁ። በየዓመቱ ብርድ ልብሴን ተከናንቤ አልማዝ አትስማው ብዬ እጸልያለሁ።

ባለፈው ሩፋኤል ጠዋት ዳቦ ልገዛ የግቢውን በር ከፈትኩ። ሌሊቱን ሙሉ ሲዘንብ አድሮ ገና አላባራም፣ ደጃፌ ላይ ያለው ሲሚንቶ ከዳር እስከ ዳር ጠቁሮ ርሷል፣ ከበሩ ፊት ለፊት ግን ሁለት የጫማ ሶል የሚያካክል ደረቅ ቦታ አለ፣ ጎን ለጎን፣ ጣታቸው ወደ እኔ በር የዞረ። ቆሜ እያየሁት ዝናቡ ጠብ ጠብ እያለ ሞላቸው፣ ጠፉ። ወደ ላይ ስመለከት የእትዬ አስካለ በር ተከፍቶ አድሯል፣ ፎጣዋ ከማጠፊያው ላይ ተንጠልጥላ ትታያለች።